አንድ ጠረጴዛ ለካርዱም ለሎቲም

ኢሪ ሐይቅ ዳር ለሚኖር ሰው በረዶ ብርቁ አይደለም። ላካዋና በምትባለው የሐይቁ ዳር ከተማ ሰው በረዶን እንደ አማቱ ነው የሚያየው፤ እያማው አብሮት ይኖራል። አርሊን ፓውላክ ግን በረዶን ቀን ቆጥራ የምትጠብቅ ሴት ነበረች። በልቧ ነው እንጂ ለሰው ትንፍሽ አትልም። ጎረቤቶቿ መኪናቸውን ከበረዶ ሥር ቆፍረው ሲያወጡ እሷ በመስኮት ብቅ ብላ «እሰይ፣ መጣልኝ!» ብትል፣ በያዙት አካፋ ነበር የሚያባርሯት።

ይህ ፍቅሯ የጀመረው በሥራ ዘመኗ ነው። ዕድሜዋን የፈጀችው በአንድ ትምህርት ቤት ምግብ ቤት፣ ጭልፋ ይዛ፣ ለሚጋፉ ልጆች የተፈጨ ድንችና ባቄላ ስታድል ነው። ዓመቱን ሙሉ የራሷ የምትለው ቀን አልነበራትም። ሐይቁ ተነሥቶበት በረዶውን ሲያራግፈው ግን ጠዋት ሬዲዮው «ትምህርት ቤቶች ዝግ ናቸው» ይላል። እሷም የለበሰችውን የሥራ ልብስ መልሳ ታወልቅና ሻይ ታፈላለች፤ ከመኝታ ቤቷ ቁም ሣጥንም የጫማ ካርቶኖቿን ታወርዳለች።

ካርቶኖቹ ውስጥ ጫማ የለም። ያሉት ከልጅነቷ ጀምሮ ያጠራቀመቻቸው፣ ከማስቲካ ጋር ይሸጡ የነበሩ የቤዝቦል ተጫዋቾች ካርዶች ናቸው። በፊታቸው የተጫዋቹ ፎቶ፣ በጀርባቸው ደግሞ የት እንደተወለደ፣ በግራ ይምታ በቀኝ፣ ጨዋታ በሌለበት ወቅት በምን ሥራ እንደሚተዳደር ተጽፎባቸዋል። አንዱ ከብት ያረባል፣ አንዱ መድን ይሸጣል፣ አንዱ በአባቱ ዳቦ ቤት ያግዛል። አርሊን እንዲህ ያለውን ማንበብ ነፍሷ ነው። ወጣት ሳለች አንዴ ታጭታ ነበር። ሰውየው ደህና ሰው ነበር፤ ነገር ግን አንድ እሑድ ካርዶቹን አገላበጠና «ሸጠናቸው ማቀዝቀዣ ብንገዛባቸውስ?» አላት። ቀለበቱን ከጣቷ አውጥታ «እንካ፣ በዚህ ግዛ» አለችው። ከዚያ በኋላ የጋብቻ ነገር አልተነሣም።

ጡረታ ከወጣች በኋላ በመጣው የመጀመሪያው ብርድ፣ የገና በዓል ካለፈ በኋላ፣ የአየር ሁኔታ የሚያወራው ሰው ከሐይቁ ትልቅ ደመና እየመጣ መሆኑን ተናገረ። አርሊን ወተቷን፣ ዳቦዋን፣ ፒሮጊ የሚባለውን ድንች የተሞላ የቀዘቀዘ ሊጥ ሸማምታ ገባች። በቤቷ ያለችው አንዲት ጠረጴዛ ናት፤ እሷኑ አጸዳቻት፣ ንጹሕ ጨርቅ አለበሰቻት። እጇን በሳሙና ታጠበች። ካርቶኖቹን አውርዳ የመጀመሪያውን ክዳን ከፈተች። ያ የቆየ ወረቀትና የድሮ ማስቲካ ሽታ ሽው አለባት። ልክ ቁጭ ስትል የበሩ ደወል ጮኸ።

በሩ ላይ ታላቅ እህቷ ሎቲ ቆማለች። በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በብብቷ ደግሞ ትልቅ ካርቶን ይዛለች። ያመጣት የሎቲ ጎረቤት ቼስተር ኖቫክ፣ አርሊን ሳታስቆመው ለማምለጥ እግሬ አውጪኝ እንዳለ ሰው፣ መኪናውን አዙሮ እየተፈተለከ ነው።

«ሎቲ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«እኔስ ምንም አልሆንኩም። የሆነው ማሞቂያዬ ነው። ያጉረመርማል።»

«ማሞቂያ ሁሉ ያጉረመርማል እኮ።»

«የኔ ዛሬ ያጉረመረመው በሌላ ዓይነት ነው። ደግሞስ እህትሽ ለብቻዋ በረዶ ተቀብራ ብትገኝ ደስ ይልሻል?»

አርሊን መልስ ለመስጠት ትንሽ ቆየች። ከዚያ «ግቢ» አለቻት።

ሎቲ ባሏ ኤድመንድ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ብቻውን የሚኖር ሰው ዝም ማለት ይለምዳል ይባላል፤ ሎቲ ግን ሳትናገር የዋለችውን ሁሉ አጠራቅማ ሰው ስታገኝ ነው የምታፈሰው። ካፖርቷን ሳታወልቅ የቼስተርን የጉልበት ሕመም፣ የቄሱን አዲስ መነጽር፣ በሱቁ ውስጥ ቅቤ የተቀመጠበትን ቦታ መቀየር አንድ በአንድ ተረከች። ከዚያም በብብቷ የነበረውን ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችው። ተቆራርጦ የሚገጣጠም ሥዕል ነው፤ በክዳኑ ላይ ሐይቅ፣ ከሐይቁ ዳር ግንብ፣ ከግንቡ በላይ ሰማይ ይታያል።

«እዚህ ላይ ልትሠሪው ነው?» አለች አርሊን።

«ታዲያ ጣሪያ ላይ ልሥራው? ሌላ ጠረጴዛ የለሽ።»

«ካርዶቼን ዘርግቻለሁ እኮ።»

«አየሁ፣ አየሁ። እኔ ጥግ ትበቃኛለች።»

ጥግ አልበቃቻትም። በረዶው ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ሲወርድ፣ መጀመሪያ መንገዱን፣ ቀጥሎ አጥሩን፣ ከዚያም የመኪናዋን ጎማ ሲውጥ፣ የሎቲ ሰማይም ጠረጴዛውን እንዲሁ እየዋጠ ሄደ። ሰማያዊ ቁርጥራጭ በሻይ ኩባያው ሥር፣ በአርሊን ክንድ ሥር፣ በአንድ ካርድ ላይ ባለ ግራኝ ኳስ ወርዋሪ ግንባር ላይ ሳይቀር ተገኘ። አርሊን አነሣችውና ወደ ሎቲ ወገን መለሰችው። ጥቂት ቆይቶ ሌላው መጣ።

ከቁርጥራጩ የባሰው ግን ወሬው ነበር።

«ይሄ ሰውዬ ሚስት አለው?»

«የትኛው?»

«ይሄ ጢማሙ። መልኩ አይከፋም።»

«ሎቲ፣ ፎቶው የተነሣው እኔ የወተት ጥርሴን ስነቅል ነው። ይሄኔ ወይ ሞቷል ወይ ምርኩዝ ይዟል።»

«የጠየቅሁሽ ሚስት እንዳለው ነው። ስለ ምርኩዝ ማን አነሣ?»

አርሊን ዓይኗን ወደ ካርዱ መለሰች። ሎቲ ደግሞ አንገቷን አስግጋ መጣች።

«ለመሆኑ ይሄን ሁሉ ማን እንደከፈለልሽ ታውቂያለሽ? እኔ ነኝ።»

«አንቺ ሳንቲም አውጥተሽልኝ ታውቂያለሽ?»

«ሳንቲምማ አይደለም፤ ጥርሴን ነው! ካርዱን አንቺ ትወስጃለሽ፣ ማስቲካውን ‹እቴ ሎቲ፣ ብዪልኝ› ትያለሽ። ይኸው አንድም የራሴ መንጋጋ አልቀረልኝ። እዚህ ካርቶን ውስጥ ግማሹ የኔ ጥርስ ነው።»

ይህን የመሰለ ነገር ሲደጋገም አርሊን አንድ ብልሃት አበጀች። ሎቲ ምንም ብትል፣ ጥያቄም ይሁን ወሬ፣ «እምም» ብላ መመለስ ጀመረች። ኤድመንድ ምስኪኑም እንደዚሁ ሲያደርግ ታስታውሳለች። ብልሃቱ ሠራ። ሎቲ ትናገራለች፣ አርሊን «እምም» ትላለች፣ ጣቷ ካርድ ያገላብጣል። ሲመሽም እያንዳንዳቸው ወደ መኝታቸው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት መስኮቱ እስከ ግማሹ ነጭ ሆኖ ነበር። መኪና መንዳት ተከልክሏል አለ ሬዲዮው። አርሊን ሻይዋን ይዛ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ስትል የሆነ ነገር ገረማት። ይህች ጠረጴዛ አንድ እግሯ አጭር ስለሆነ ክንድ ባረፈባት ቁጥር ትነቃነቅ ነበር፤ አሁን ግን እንደ ድንጋይ ረግታለች። ከሎቲ መምጣት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ።

«ጠረጴዛው ምን ነካው? ተሻለው እንዴ?»

ሎቲ በኩራት ደረቷን ነፋች። «እኔ ነኝ ያስተካከልኩት። እየተነቃነቀ ሰማዬን ሲያፈርስብኝ ጊዜ ከእግሩ ሥር አንድ ነገር አጥፌ ወሸቅሁበት።»

«ምን ወሸቅሽበት?»

«የማያስፈልግሽን ካርድ።»

አርሊን ሻዩን አስቀመጠች። ወለሉ ላይ ተንበረከከች፤ ጉልበቷ ተንቋቋ። ከጠረጴዛው እግር ሥር ለአራት የታጠፈውን ነገር ጎትታ አወጣችና ዘረጋችው። ከዕጥፋቶቹ መካከል ኦርቪል ስታንግ ቀና ብሎ አያት። ስታንግ የክሊቭላንድ ከተማ ቡድን ተጠባባቂ ኳስ ቀላቢ ነበር። ገበያ ቢወጣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ካርድ ነው። ለአርሊን ግን በካርቶኖቿ ውስጥ ካሉት ሁሉ የምትሳሳለት እሱ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ለማንም ነግራ አታውቅም።

«ሎቲ» አለች ካርዱን ከፍ አድርጋ። «ይሄን ለምን ነካሽ?»

«ጠይቄሻለሁ!»

«መቼ?»

«ትናንት። ‹ይሄ ሰውዬ ተጫውቶ ያውቃል?› አልኩሽ፤ ‹ምንም አልተጫወተም› አልሽኝ። ‹እንግዲያው አያስፈልግሽም?› ስልሽ፣ ‹እምም› አልሽኝ። ‹ለጠረጴዛው ልውሰደው?› ስልሽም፣ ‹እምም›።»

አርሊን ልትክድ አልቻለችም። ምክንያቱም ብላለች። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አንጀቷን አሳረራት። ሰው የተናደደበት ነገር ውስጥ የራሱ እጅ ሲገኝበት ንዴቱ እጥፍ ይሆናል።

«ምን ያስቆጣሻል? በካውያ ልተኩሰው?» አለች ሎቲ።

«እንዳትነኪው!»

ከዚህ በኋላ አርሊን ያደረገችው ማንኛችንም የምናደርገውን ነው፤ ቤቱን ጥላ መውጣት። ቦት ጫማዋን አጠለቀች። ካፖርቷን ለበሰች፣ ኮፍያዋን ጆሮዋ ድረስ ሳበች፣ ጓንቷን አደረገች። ሎቲ «ወዴት ነው?» ብትላት መልስም አልሰጠቻት። እጀታውን ጨብጣ በሩን በኃይል ወደ ውስጥ ሳበችው።

ውጭው የለም። ከደፉ ጀምሮ እስከ ደረቷ ድረስ ነጭ ግድግዳ ቆሟል። የበሩ ቅርጽ፣ የእጀታው ጉድጓድ፣ ሌላው ቀርቶ የፖስታ ማስገቢያው ሳይቀር በበረዶው ላይ ታትሟል። አርሊን አየችው፤ እሱም አያት። ከዚያ ከላይ በኩል አንድ ጓል ተንዶ ምንጣፉ ላይ ዘጭ አለ።

ከኋላዋ የሎቲ ድምፅ መጣ። «ምንጣፉን አበሰበስሽው።»

አርሊን ዞረች። «ኤድመንድ ለምን ቸኩሎ እንደሞተ አሁን ገና ገባኝ» አለች። «ጸጥታ ፈልጎ ነው!»

ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ልትመልሰው ፈልጋ ነበር፤ ግን ወጣ። ሎቲ ዞር ብላ ሄደች። ከወጥ ቤት መጥረጊያና አሮጌ ፎጣ አመጣች፤ በረዶውን ወደ ውጭ ገፋች፣ በሩን ዘጋች፣ ምንጣፉን አደረቀች። ከዚያም ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ በግማሹ ነጭ በሆነው መስታወት በኩል ማየት ጀመረች።

እነሆ አርሊን የተመኘችው ሁሉ ሞላላት። በረዶው አለ። ሻዩ አለ። ካርዶቹ አሉ፤ ጠረጴዛውም የሷ ነው። ጸጥታውም መጣ፤ የሰዓቱ ምት ሳይቀር ይሰማል። ስታንግን በእናቷ ወፍራም መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አስገባችውና፣ ሌላ ካርድ አንሥታ ጀርባውን ማንበብ ያዘች። «በክረምት ወራት በአጎቱ የእንጨት መሰንጠቂያ ይሠራል።» አንብባ ጨረሰች። ምን እንዳነበበች ጠፋባት። እንደገና አነበበችው። ሦስተኛ ጊዜ ላይ ካርዱን አስቀምጣ እህቷን በጎን አየቻት። ሎቲ እንደ ሐውልት ናት።

ምሳ ሰዓት አርሊን ፒሮጊ በቅቤ ጠበሰች፤ ሽንኩርቱን ሎቲ እንደምትወደው አደረገችላት። ሎቲ በላች፣ ሳህኗን አጠበች፣ ወደ መስኮቷ ተመለሰች። «አመሰግናለሁ» እንኳን አላለችም። ልጅ እያለችም ስታኮርፍ እንዲህ ነበረች፤ ስትናገር ታደነቁራለች፣ ዝም ስትል ደግሞ ታንቃለች። አርሊን ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ ለመወሰን ሞከረች፤ አልሆነላትም።

በመጨረሻ ካርዶቿን ወደ ጎን ገፋ አደረገችና የሎቲን ሥዕል ወደ ራሷ ሳበች። ይህን ዓይነት ነገር በሕይወቷ ሠርታ አታውቅም። አንድ ሰማያዊ ቁርጥራጭ አንሥታ የሚገባበትን ቦታ ፈለገች፤ የሚመስል አገኘች። አልገባ አለ። በአውራ ጣቷ ተጫነችው። አሁንም አልገባም። ጡጫዋን ጨብጣ አንዴ ደለቀችው።

«እሱ እዚያ አይገባም!» የሚል ጩኸት ከመስኮቱ መጣ።

«ለምን አይገባም? ሰማያዊ ነው።»

«እሱ ሰማይ ነው! አንቺ የምትወትፊው ውኃው ውስጥ ነው!»

«ለኔ ሁለቱም አንድ ናቸው።»

«ላንቺማ! አምጪው፣ ጥርሱን ልትሰብሪው ነው።» ሎቲ ወንበሯን እየጎተተች መጣችና ቁርጥራጩን ነጠቀቻት። ትንሽ አየችና፣ ሳትገፋ ሳትደልቅ፣ ከቦታው አስቀመጠችው።

አርሊን እጇን አየች። «ሎቲ፣ ስለ ኤድመንድ ያልኩት...»

«እሱስ ራሱ ይለኝ ነበር» አለች ሎቲ፣ ዓይኗን ከሥዕሉ ሳታነሣ። «‹ሎቲ፣ ስሞት መቃብሬ ላይ መጥተሽ እንዳታወሪብኝ› ይለኝ ነበር።»

«ታዲያ ትሄጂያለሽ?»

«በየእሑዱ። ምን ያመጣል?»

አርሊን ሳቋ አመለጣት። ሎቲ መጀመሪያ ኮስተር ብላ አየቻት፤ ከዚያ እሷም ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሁለቱ አሮጊቶች ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ ሳቁ፤ ሰማዩም በአንድ ጥግ ተናደ።

ሎቲ ዓይኗን ጠርጋ ስታበቃ፣ «ያ ሰውዬ ግን ምን ነበረው?» አለች። «ቀላቢው። ለምንድን ነው እንደዚያ ያበድሽው?»

አርሊን ነገረቻት። አባታቸው ከሚሠራበት የብረት ፋብሪካ ፈቃድ ያገኘ ቀን እሷን ክሊቭላንድ ወስዷት ነበር፤ ሎቲ ያን ቀን በኩፍኝ ተኝታ እናታቸው ታስታምማት ነበር። ስታንግ ጨዋታውን በሙሉ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የሱፍ ፍሬ ሲፈለፍል ነው የዋለው። አንድ ጊዜም ግባ አልተባለም። እሷ ግን ካርዱ ስለነበራት መልኩን ታውቀዋለች፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የማንም ስም ሲጮህ የእሱን የሚጠራ አንድም ሰው እንደሌለ አስተዋለች። አባቷ ትከሻ ላይ ወጥታ «ስታንግ! ስታንግ!» ብላ ጉሮሮዋ እስኪነቃ ጮኸች። ሰውየው ግራ ቀኙን አየ፤ እሱን መሆኑን ሲያረጋግጥ ብድግ ብሎ፣ የሱፉን ልጣጭ ከልብሱ አራግፎ፣ ቆቡን እስከ ላይ አነሣላት። አባታቸው እስኪያለቅስ ሳቀ። መንገዱን ሁሉ «ስታንግ! ስታንግ!» እያለ ነበር የነዳው። በበልጉ ፋብሪካው ውስጥ እጁ ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ሲስቅ አላየችውም።

ሎቲ ሰማያዊ ቁርጥራጭ በእጇ እንደያዘች ሰማቻት።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ» አለች፣ «ጢማሙን አጥፌ አደርግ ነበር!»

አርሊን ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። ጢማሙ በካርቶኖቿ ውስጥ ካሉት ሁሉ ሰው አጥብቆ የሚፈልገው ካርድ ነበር። ይህን ለሎቲ አልነገረቻትም፤ ተነሥታ ከዳቦው ካርቶን አንድ ቁራጭ ቀድዳ ከጠረጴዛው እግር ሥር ወሸቀች።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀናት እንዲሁ አለፉ። አርሊን ካርዶቿን አየች፤ ግን እንዳሰበችው አይደለም። አንዱን ስታነሣ ሎቲ «አንብቢልኝ» ትላለች፤ ስታነብላት ታቋርጣታለች። ከብት አርቢውን «ይሄ ሰነፍ ነው፣ ከዓይኑ ያስታውቃል» ትላለች፤ ለዳቦ ጋጋሪው ታዝንለታለች፤ ስሙን ግን ወዲያው ትረሳዋለች። የስታንግም ዕጥፋት አልጠፋም፤ ፊቱ ላይ የመስቀል ቅርጽ ይዞ ቀረ። የበረዶ ጠራጊው መኪና እየተንጓጓ መንገዱን ሲከፍትና ቼስተር አካፋውን ይዞ በሩ ላይ ሲደርስ፣ አርሊን የሎቲን ሻንጣ ራሷ ተሸክማ ነው እስከ መኪናው ድረስ የሸኘቻት።

የሎቲ ማሞቂያ ምንም እንዳልነበረበት በኋላ ታወቀ። አርሊን ይህን ስትሰማ አልገረማትም።

በየካቲት ሐይቁ እንደገና ደመናውን ሰበሰበ። አርሊን ወተቷን ሸመተች፣ ጠረጴዛዋን ጨርቅ አለበሰች፣ እጇን ታጠበች። ካርቶኑን ሳትከፍት ስልኩ ጮኸ።

«ዘንድሮ ይሄ ማሞቂያ...» አለች ሎቲ።

«ማሞቂያሽ ደህና ነው።»

«ደህና ነው። ግን ሰልችቶኛል።»

አርሊን በመስኮት ወደ ሰማዩ አየች። የመጀመሪያዎቹ ቅንጣቶች መውረድ ጀምረዋል። «ነይ» አለች። «ግን የራስሽን ጠረጴዛ ይዘሽ ነይ።»

ቀልድ መስሏት ነበር። ሰዓት ሳይሞላ ግን የቼስተር መኪና በሩ ላይ ቆመ፤ ከላዩ ላይ የታጣፊ ጠረጴዛ እግር ወደ ሰማይ ተዘርግቶ በገመድ ታስሯል። ቼስተር እያነከሰ ተሸክሞ አስገባው። ሎቲ ኮፍያዋ ላይ በረዶ እንደተከመረ ከኋላው ገባች።

«የት ይቀመጥ?» አለች።

«ሳሎን።»

«ሳሎን ሆኜ ስናገር እንዴት ይሰማሻል?»

አርሊን በረጅሙ ተነፈሰች። ወንበሯን ወደ ግድግዳው አስጠጋችና ለታጣፊው ጠረጴዛ ከራሷ ጠረጴዛ ጎን ቦታ ለቀቀችለት።